የሌሊቱን ወንበር ለማን እንግዛ?

ሰኞ

ከአየር መንገዱ የመጣው ኢሜይል ቃሉ ማር ነው። የተሻለ ወንበር እንደሚገባን፣ ዋጋውንም የምንወስነው እኛው እንደሆንን ይነግረናል። ባለቤቴ ደጋግሞ አነበበውና «ዋጋውን እኛ ከወሰንን ምን ችግር አለው?» አለ። ችግሩ ከታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

ተጓዦቹ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ስምንት ዓመት የሆናት ልጃችን፣ አሥር ወር የሞላው ወንድሟና እኔ ነን። መንገዱ በሁለት በረራ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው የቀን በረራ ሲሆን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ የሚሄድ የሌሊት በረራ ነው፤ ከአሥር ሰዓት ይበልጣል። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ስላልሞላው በጭን የሚሄድ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለእንዲህ ያለ ሕፃን ከአዋቂው ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ፤ ወንበር ግን የለውም። ስለዚህ አምስት ነን፣ ያለን ግን አራት ወንበር ነው።

«ዋጋ ያቅርቡ» የሚባለው አሠራር ጨረታ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ራሳቸው አያካሂዱትም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተቋቋመው እንደ ካናዳው ፕላስግሬድ ያሉ ኩባንያዎች ያካሂዱላቸዋል። ተሳፋሪው በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል አንድ ቁጥር ይመርጣል፤ ከጎኑ ያለው የቀለም መለኪያም ያቀረበው ዋጋ ደካማ ይሁን ጠንካራ ይነግረዋል። መለኪያው ግን ቃል አይገባም። ዋጋው ከተቀበሉት ገንዘቡ ወዲያው ከካርድ ላይ ይቆረጣል፤ ካልተቀበሉት ምንም አይነካም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በረራው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ይመጣል።

ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ይህ መጥፎ ጨዋታ አይደለም። ለቤተሰብ ግን ሁለት እሾህ አለው። አንደኛው፣ የተጻፈው ቁጥር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ በረራ ብቻ ነው። ባለቤቴ የወደደውን ዝቅተኛ ቁጥር በአራት ሳባዛው፣ ለሌሊቱ በረራ ብቻ የአንድ ሰው ሙሉ ቲኬት ዋጋ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው፣ በአንድ ቦታ ማስያዣ ቁጥር የተመዘገቡ ሁሉ አብረው ያልፋሉ ወይም አብረው ይቀራሉ። «እናቴን ብቻ አሳድጉልኝ» ብሎ መጫረት አይቻልም።

እኔ ለወንበር ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ገንዘብ ማን ስንት ሰዓት ይተኛል? የቀኑ በረራ ላይ ማንም አይተኛም። ትልቋ ፊልም ታያለች፣ ሕፃኑ መተላለፊያው ላይ መዳህ ያምረዋል፣ እኛ እናባርረዋለን። እዚያ ላይ የወጣ ገንዘብ የሚገዛው ሰፋ ያለ ቦታ ላይ መባዘንን ነው። የሌሊቱ ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪና ተከራይቶ የሚያሽከረክር ሰው አለ፤ ሕፃን የሚይዝም ሰው አለ።

ኢሜይሉን አላጠፋሁትም፤ ግን አልሞላሁትም።

ማክሰኞ

ዛሬ የመቀመጫ ካርታ ላይ ዋልኩ። ለቤተሰብ ከማዕረጉ ይልቅ የወንበሮቹ አደራደር እንደሚበልጥ የሚገባው ካርታውን ሲያዩ ነው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ቦይንግ 787 ነው፤ በኢኮኖሚው ክፍል በአንድ ረድፍ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ወንበር አለው። ሁለተኛው ቦይንግ 777 ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት። ይህ አውሮፕላን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው አየር መንገድ በረድፍ የሚያስቀምጠው ዘጠኝ ሰው ነበር። የአውሮፕላኑ ወርድ ያው ሆኖ ሳለ ዛሬ አሥር ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አሥረኛው ወንበር የተገኘው ከሌሎቹ ዘጠኝ ላይ ተቀንሶ ነው፤ አሁን የአንዱ ወርድ 43 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በኤርባስ ኤ350 ላይ ዘጠኝ ሲደረደር ወደ 46 ይጠጋል። ሦስት ሴንቲሜትር ሲናገሩት ምንም አይደለም፤ እንቅልፍ የወሰዳትን የስምንት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ትከሻ ላይ አድርጎ አሥር ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ግን ብዙ ነው።

አራት ወንበር ላላቸው ሰዎች መካከለኛው አራቱ የተሠራላቸው ይመስላል። ነገር ግን ሕፃኑ አልጋ ያስፈልገዋል። የሕፃን አልጋ የሚሰቀለው ከክፍሉ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ብቻ ስለሆነ የምንፈልገው የግድግዳውን ረድፍ ነው። በብዙ አየር መንገዶች አልጋው ከ10 እስከ 11 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ አንዳንዱ ከዚያ ከፍ ያደርገዋል። የእኛ ልጅ ዘጠኝ ኪሎ ስለሞላ ይህ ምናልባት የመጨረሻ ዕድሉ ነው። በአልጋው ላይ የሚተኛው አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ በጸጥታ ሲበር ብቻ ነው። ሲነሳና ሲያርፍ ወደ ጭን ይመለሳል፤ የቀበቶው መብራት ሲበራም በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ሕግ ተኝቶም ቢሆን ይነሳል።

የግድግዳው ረድፍ ሰው የሚመኘውን ያህል ገነት አይደለም። እግር ይዘረጋል፤ እውነት ነው። ከፊት ወንበር ስለሌለ ግን የምግብ ጠረጴዛውና ስክሪኑ በክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ይታጠፋሉ፤ በዚህ ምክንያት ማሳረፊያው አይነሳም። ልጅቷን አጋድሞ እግሯን ጭን ላይ ማድረግ አይቻልም። ሲነሱና ሲያርፉ ቦርሳ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ዳይፐሩም ጡጦውም ራስጌ ካለው ሳጥን ይገባል፣ የሚፈለገውም ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ጎረቤትም ሌላ ሕፃን ነው። ቢሆንም አልጋው ሁሉንም ይክሳል።

ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሠራተኛ ሥራዋን የምታውቅ ነበረች። በዳር በኩል ያሉት ሦስት የግድግዳ ወንበሮች ክፍት መሆናቸውንና ሕፃን ስላለን እንደምትይዝልን ነገረችኝ። ሦስቱ ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለትልቋ ልጅ ይሆናሉ። በእነዚህ ሦስት ወንበሮች ላይ ሁለት ሕፃን በጭን እንደማይፈቀድም አስረዳችኝ፤ ለሦስቱ ወንበሮች ከራስጌ የሚገኘው የኦክስጅን ጭምብል አብዛኛውን ጊዜ አራት ብቻ ነውና። እናቴ ግን ከሦስቱ ውጭ ቀረች። ወይ ከመተላለፊያው ማዶ ትቀመጣለች፤ ወይ ደግሞ በኢኮኖሚና በቢዝነስ መካከል ወዳለው ወደ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ታድጋለች።

ገንዘብ ማውጣት ተገቢ የሚሆንበት ቦታ እዚህ ላይ ታየኝ። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ የሚባለውን መካከለኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1992 ኢቫ ኤርና ቨርጂን አትላንቲክ ጀመሩት። በአብዛኛው በአንዱ ወንበርና በሚቀጥለው መካከል 97 ሴንቲሜትር ገደማ ይለካል፤ የኢኮኖሚው 79 ወይም 81 ነው። ጀርባው ይበልጥ ይጋደማል፤ አልጋ ግን አይሆንም። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ በተቆረጠ ዋጋ። ከጨረታው ዝቅተኛ ቁጥር በትንሹ ቢበልጥም በአራት አይባዛም።

ሠራተኛዋ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ «እናትዎን ለብቻ ለማሳደግ ከእናንተ ቦታ ማስያዣ ላይ መለየት አለብኝ።» መለየት ማለት አዲስ ቁጥር ማውጣት ነው። በረራ ቢሰረዝ ኮምፒውተሩ እኛን ወደ አንዱ አውሮፕላን፣ እርሷን ወደ ሌላው ሊመድብ ይችላል፤ እናት መሆኗን አያውቅም። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ጋር እንዲጠቃቀሱ ማስታወሻ እንድታስገባ ጠየቅኋት፤ አስገባች። በቤተሰብ መካከል ወንበር የሚያሳድግ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ስልኩን መዝጋት የለበትም።

ረቡዕ

እማዬ ነገሩን ስትሰማ አልተደሰተችም።

«እኔ ብቻዬን ከመጋረጃው ወዲያ ምን እሠራለሁ?»

«ትተኛለሽ እማዬ።»

«ቤቴ ስተኛ አይደለሁ? ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይህን ሁሉ ገንዘብ?»

እግሯ እንደሚያብጥ አነሳሁባት። ለዚህም መልስ ነበራት፤ ሐኪሟ ያዘዛት በየጊዜው ተነስታ እንድትራመድ እንጂ ውድ ወንበር እንድትገዛ አይደለም። ሐኪሙ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ የሚወስድ ጉዞ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ወደ እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል፤ ለጤናማ ሰው አደጋው ከ6000 ሰው አንድ ገደማ ነው። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው። በባቡርም በአውቶቡስም እንዲሁ ያጋጥማል። ሰፊው ወንበር ላይ ፈዞ የሚቀመጥ ሰው ከጠባቡ ላይ እየተነሳ ከሚራመደው አይሻልም።

ባለቤቴ ደግሞ ረጅም ነው፤ ጉልበቱ ሁልጊዜ የሚቀድመው ወደ ፊት ወንበር ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍ ላይ ያለውን ሰፊ ቦታ እየተመኘ ዋጋውን ሲያይ አገኘሁት። እዚያ ሕፃን የያዘ ሰው አይቀመጥም፤ ልጅም አይቀመጥም። ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይፈቀድለትም። እርሱ ብቻውን ሊገዛው ይችላል፤ ያን ጊዜ እኔ ከሁለት ልጆች ጋር እቀራለሁ። ስልኩን አስቀመጠው።

የሚነፋ የእግር ማሳረፊያ ትራስ ለትልቋ ልጅ ለመያዝም አስበን ነበር። ብዙ አየር መንገዶች ይከለክሉታል፤ መውጫ ይዘጋል በሚል። በፋብሪካው የተሠራለት ግን አለ፦ አየር ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአንዳንድ አውሮፕላኖቹ ላይ የእግር ማሳረፊያቸው ወደ ላይ ተነስቶ ሦስት የኢኮኖሚ ወንበሮችን ወደ መኝታ የሚለውጥ ረድፍ ይሸጣል። ለቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ማሻሻያ ካየሁት ይህ ይበልጣል፤ የእኛ አየር መንገድ የለውም።

ሐሙስ

በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ወጣት ፓስፖርቶቹን እያገላበጠ በለሆሳስ «ለመጀመሪያው በረራ ቢዝነስ ክፍል ቦታ አለ፤ ዛሬ በቅናሽ ነው» አለን። ቅናሹ እውነተኛ ነበር፤ ከሁለት ቀን በፊት ካየሁት ግማሽ ያህል። በመጨረሻው ሰዓት ያልተሸጠ ወንበር ለአየር መንገዱ ምንም ስለማያመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ዋጋ ይወርዳል። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

እምቢ አልኩ። በረራው የቀን ነው። ደግሞም ቢዝነስ ክፍል ለቤተሰብ የተሠራ ቦታ አይደለም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ቢዝነስ ክፍል ውስጥ ካስገባ ወዲህ ፉክክሩ ሁሉ አንዱን ተሳፋሪ ከሌላው በመለየት ላይ ነው። በብዙ አዳዲስ አውሮፕላኖች አደራደሩ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ነው፤ ግድግዳ አለው፣ አንዳንዱ በርም ጨምሯል። ለሥራ ለሚሄድ ሰው ይህ ምቾት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን በየደቂቃው «እማ፣ ይህ ቁልፍ ምንድን ነው?» እያለች በግድግዳው ላይ ብቅ ትላለች። አልጋውም ወደ እግር በኩል እየጠበበ ይሄዳል፤ ሕፃን አቅፎ ለመተኛት የሚመች አይደለም።

የቀኑ በረራ እንደታሰበው አለፈ።

በመሸጋገሪያው አየር ማረፊያ ግን ወሬው ሌላ ሆነ። የመሳፈሪያ ወረቀታችን በማሽኑ ሲያልፍ ቀይ መብራት አበራ፦ አውሮፕላኑ ተቀይሯል። ያው ቦይንግ 777 ነው፤ ነገር ግን የውስጡ አደራደር የተለየ ነው። የረድፉ ቁጥር ያው ሆኖ ግድግዳው ግን ከእኛ ረድፍ ሦስት ረድፍ ወደ ፊት ሸሽቷል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ጠብቆልናል፤ ግድግዳውን አልጠበቀልንም።

የበሩ ሠራተኛ ስትተይብ እኔ መብታችንን በልቤ እቆጥር ነበር። ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት አየር መንገዱ አንድን ተሳፋሪ ከገዛው ማዕረግ ዝቅ ካደረገው ከቲኬቱ ዋጋ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ላለው በረራ 30 በመቶ፣ በመካከለኛው ርቀት 50፣ ከ3500 ኪሎ ሜትር ለሚበልጠው በአብዛኛው 75 በመቶ በሰባት ቀን ውስጥ ይመልሳል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ተከፍሎበት ያልቀረበ ተጨማሪ አገልግሎት ገንዘቡ እንዲመለስ ያዝዛል፤ የተመረጠ ወንበርም በዚህ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ማወቅ በሩ ላይ ቆሞ ሕፃን ለያዘ ሰው የሚሰጠው ጥቅም አንድ ብቻ ነው፦ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መጠየቅ። የክፍያ ደረሰኞቹን በስልኬ ላይ በምስል ይዣለሁ፤ አሳየኋት።

የእናቴ ወንበር በፕሪሚየም ኢኮኖሚ ውስጥ ተገኘ። የእኛን ለማስተካከል ግን በአዲሱ ግድግዳ ፊት የተመደቡ ሰዎች መነሳት ነበረባቸው። ከነሱ አንዱ ለእግሩ ስፋት ብሎ ገንዘብ የከፈለ፣ ከባለቤቴም የሚረዝም ሰው ነበር። አልጋው ሌላ ቦታ ስለማይሰቀል ቅድሚያው የሕፃን እንደሆነ ሠራተኛዋ ነገረችው፤ ገንዘቡም እንደሚመለስለት። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ግን አሥር ሰዓት ይታጠፋል። ተቆጣ፤ እውነት አለው። የተቆጣው ግን በእኛ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ አልስማማም። አየር መንገዱ አንዱን ረድፍ ለሁለት ዓይነት ሰው ይሰጣል፤ ለአንዱ ይሸጣል፣ ለሌላው ቃል ይገባል፤ አውሮፕላን በተቀየረ ቁጥር ሁለቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

አርብ

የዛሬው ቀን የጀመረው በሰማይ ላይ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ሌሊቱ ያጥራል። መብራቱ ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ በመስኮቱ ጠርዝ ብርሃን ይገባል። ስለዚህ ምግቡ እስኪሰበሰብ መጠበቅ እንቅልፍ ማባከን ነው፤ ወዲያው መጀመር አለበት።

ሕፃኑ በአልጋው ላይ ተኛ። ገና እንደተኛ የቀበቶው መብራት በራ፤ አነሳሁት። ጠፋ፤ አስተኛሁት። በራ። ባለቤቴ ክንዱ ከማይነሳው ማሳረፊያ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተሸነፈ፤ ትልቋ ልጅ ትከሻው ላይ ነበረች።

የምግቡ ጋሪ ካለፈ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ እማዬ ብቅ አለች። ጫማዋን ተጫምታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንግዳ የመጣባት ትመስል ነበር።

«ተነሺ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩም። የምራመድ ሰው አይደለሁ? ተራመድኩ። አሁን ደግሞ እዚህ እቀመጣለሁ። እዚህም እግር ይዘረጋል፤ አየሁት። አንቺ ሂጂና ተኚ፤ ነገ ልጅ የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ጠየቅን። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ወንበር መለዋወጥ በሁሉም አየር መንገድ አይፈቀድም፤ የሚፈቅደውም እንደ ኃላፊው ፈቃድ ነው። የማን ወንበር ማን ላይ እንዳለ ለምግቡም ለደኅንነቱም ማወቅ አለባቸው። ኃላፊዋ የሁለታችንንም ስም መዘገበችና «አንድ ጊዜ ብቻ፤ መመላለስ የለም» አለች።

የእማዬ ስሌት ከእኔ የተሻለ ነበር ብል ደስ አይላትም፤ ስሌት አላሰላችም። ለእግር ከሆነ የግድግዳው ረድፍ ከፕሪሚየሙ ብዙ አያንስም። ፕሪሚየሙ የሚበልጠው በጀርባው መጋደምና በጸጥታው ነው፤ ይህን የሚፈልገው ደግሞ ሕፃን ሲያነሳና ሲያስተኛ ያመሸ ሰው ነው። አያት ለልጅ ልጇ ብላ እንቅልፍ ብታጣ በማግስቱ ሶፋ ላይ ትተካዋለች። እኔ ግን ማንም አይተካኝም ነበር። እስከ ቁርስ ተኛሁ። ከመጋረጃው ወዲህ አንድ ጊዜ የለመድኩትን ለቅሶ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ አልተነሳሁም።

ስናርፍ ባለቤቴ መሪውን ለእኔ ሰጠኝ። በዚያ ሌሊት ከቤተሰቡ በደንብ የተኛሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንበሩን የከፈልንበት ገንዘብ ዋጋውን ያገኘው በዚያ አውራ ጎዳና ላይ ነው።

ቅዳሜ

ሁሉም በሌሊት ነቅቷል። ሕፃኑ በተለይ። ይህን የትኛውም ማዕረግ አይፈታውም።

የመመለሻው ሳምንት፣ ረቡዕ

መመለሻው ወደ ምዕራብ ነው። ረጅሙ በረራ ጠዋት ተነስቶ ፀሐይን እየተከተለ ይሄዳል፤ ቀኑ ይረዝማል እንጂ አይመሽም። በእኔ ሚዛን ለዚህ በረራ አንድ ሳንቲም አይወጣም። የግድግዳው ረድፍና የሕፃኑ አልጋ በነፃ ተይዘውልናል፤ እማዬም ወደ እኛ ቦታ ማስያዣ ተመልሳለች፤ ከመተላለፊያው ማዶ ትቀመጣለች።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። «እንኳን ደስ አለዎ፤ ያቀረቡት ዋጋ ተቀባይነት አግኝቷል።»

የጨረታውን ኢሜይል እኔ ሳልሞላው ስቀር እርሱ ለመመለሻው ዝቅተኛውን ቁጥር ሞልቶ ልኮት ኖሯል። መለኪያው «ደካማ» ስላለው የሚሳካ አልመሰለውም፤ ረስቶትም ነበር። ገንዘቡ ተቆርጧል፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መሰረዝ አይቻልም። አራታችንም ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ገብተናል። ልጅቷ ጨፈረች። እማዬ «ይኸው፣ መጋረጃው ወዲያ አብረን ልንሆን ነው» አለች። እኔ ስልክ ደወልኩ፤ የሕፃኑ አልጋስ?

አልጋው የተያዘው ለኢኮኖሚው ግድግዳ ነበር። ክፍል ስንቀይር ጥያቄያችን አብሮ ወድቋል። በፕሪሚየሙ ውስጥም የግድግዳ ረድፍ አለ፤ አልጋው የሚሰቀልባቸው ወንበሮች ግን ቀድመው በሌሎች ሕፃናት ተይዘዋል። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ወንበር አይመርጥም፤ ሌሎቹ መርጠው የተረፈውን ይወስዳል።

ሐሙስ

አደራደሩ ሁለት፣ አራት፣ ሁለት ነው፤ መካከለኛውን አራቱን ሰጡን። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ትራሱ ወፍራም ነው። የክንድ ማሳረፊያው እዚህም አይነሳም፤ በፕሪሚየም ኢኮኖሚ ጠረጴዛው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ነውና። ትልቋ ልጅ በቀኑ አጋማሽ እንደ ልማዷ ልትጋደም ሞከረች፣ አልሆነላትም። በኢኮኖሚው መካከለኛ አራት ላይ ከግድግዳው ራቅ ብለን ብንቀመጥ ማሳረፊያዎቹን አንስተን እናስተኛት ነበር። እማዬ ብቻ እግሯን ዘርግታ፣ በየሰዓቱ እየተነሳች ተራምዳ፣ ተደስታ መጣች።

ሕፃኑ መንገዱን ሁሉ ያለፈው በክንድ ላይ ነው፤ ከእኔ ወደ ባለቤቴ፣ ከባለቤቴ ወደ እማዬ፣ መልሶ ወደ እኔ። ባለቤቴ በተራው ሲይዘው አላጉረመረመም። ያጉረመረመው ስለ ገንዘቡ ነው።

ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው የራሱን ወንበር መግዛት ግዴታ ይሆናል። ያን ጊዜ ጭንም አልጋም የለም፤ አምስት ወንበር ነው፣ መካከለኛው አራቱም አይበቃንም። ሦስት በአንድ ረድፍ፣ ሁለት ከኋላቸው ብለን በወረቀት ላይ ሣልነው፤ ፊልም እያየን ከምንቀመጥ ብለን። ከኋላ የሚቀመጠው የፊተኛውን ወንበር የሚረግጥ ልጅ ከሆነ የሚረገጠው የራሳችን ሰው እንዲሆን። እማዬ ወረቀቱን አይታ ስሟን ከረድፉ ዳር፣ ከመተላለፊያው አጠገብ ጻፈችው፤ ለመነሳት ይመቻታል።

አርብ

ባለቤቴ ስለ ሕፃኑ አልጋ ለአየር መንገዱ አቤቱታ ጽፎ ነበር፤ ጨረታውን ሲያጸድቁ አልጋው እንደሚወድቅ አስቀድመው ሊያስጠነቅቁን ይገባ ነበር ብሎ። በዚህ ላይ እኔም ከጎኑ ነኝ። መልሱ በፍጥነት መጣ፤ ትሑት ነው፣ በስማችን ይጠራናል። የሕፃን አልጋ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ስለሆነ የሚመለስ ክፍያ እንደሌለ ያስረዳል። ከግርጌው ለሚቀጥለው ጉዞ ዋጋ እንድናቀርብ የሚጋብዝ ማስፈንጠሪያ አለ።